«ለ» ያልነው ሰፈር

ሥራዬ ለኤምባሲዎች ቦታ ማጥናት ነው ስል፣ ሰው ሁሉ ከአምባሳደር ጋር እራት የምበላ ይመስለዋል። ዳንግላ ያሉ ዘመዶቼማ ቪዛ የማድል ነው የሚመስላቸው። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማሳልፈው የአዲስ አበባን ጭቃ በቦት ጫማ እየረገጥሁ ነው። ይህ ቁልቁለት ጎርፍ ያመጣል ወይስ አያመጣም? ይህ መንገድ አጀብ ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም? ቢሮ ስመለስ ደግሞ ክርክር ነው። ፎቅ ቁልቁል የሚያየው ግቢ ለኤምባሲ አይሆንም። የተኳረፉ ሁለት አገሮች በአንድ አጥር አይዋሰኑም፤ ሠርግ ቤት የተጣሉ ዘመዳሞችን አንድ ማዕድ ላይ እንደማናስቀምጠው ማለት ነው። በራሱ ዋና ከተማ የእኛን ኤምባሲ ጠባብ ጥግ ላይ ያስቀመጠ አገር እዚህ መጥቶ ሜዳ ሙሉ መሬት ሲጠይቅ፣ አለቆቻችን ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንዱ አገር ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ድምፅ ማጉያ የራቀ ቦታ ይሰጠኝ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ እኛው እንገባበታለን ብለን ሳቅን።

ያን ሰሞን ግን ሳቅ ከቢሯችን ጠፍቶ ነበር። በየሰፈሩ ተበታትነው ያሉ ኤምባሲዎችንና አዲስ የሚመጡትን አንድ ላይ የሚያሰፍር ቦታ እንድናጠና ታዘዝን። ሦስት ቦታዎች አገኘንና ስማቸው እንዳይነሣ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» አልናቸው። ከዚያ በፊት በተጠና ሌላ ጥናት ላይ ወሬው አፈትልኮ ወጥቶ ደላላው ሰፈሩን ወርሮት ነበር። ሰዉ ካሳ አገኛለሁ ብሎ በየጓሮው ቆርቆሮ ሲያቆም ከረመ፤ ጥናቱም ፈረሰ። ወሬውን ያወጣው ባልደረባችን ከሥራ ተባርሮ ፍርድ ቤት ሲመላለስ እናየው ነበር። ስለዚህ በዚህኛው ጥናት ቀኝ እጃችንን አስነሥተው አስማሉን። ለባል፣ ለሚስት፣ ለእናት፣ ለወንድም አንናገርም ብለን ማልን። እኔ ባል የለኝም፤ እናቴም አርፋለች። «ለወንድም» የሚለው ላይ ስደርስ ምንም አልተሰማኝም። ወንድሜ ዳንግላ ሱቁ ውስጥ ነው፣ የኤምባሲ ቦታ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው።

ወንድሜ ለእኔ አባትም ነው። አባታችን ሲሞት እሱ ገና ጢሙ በቅጡ አላበቀለም፤ ትምህርቱን ትቶ ሱቁን ያዘ፣ እኔን ግን ከትምህርት ቤት አንድ ቀን አላስቀረኝም። ሱቃችን ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ ስኳር የሚሸጥ የዳንግላ እስላሞች ሱቅ ነው፤ ከአምሳያዎቹ የሚለየው ነገር የለም። በገበያ ቀን ግን ግማሹ የአደራ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ከገጠር የመጣ ገበሬ ገበያው ውስጥ እስኪዞር ድረስ ጋቢውን፣ አዲስ የገዛውን ማረሻ፣ አንዳንዱም የበሬ ሽያጩን በመሀረብ ቋጥሮ እኛ ዘንድ ያኖራል። ወንድሜ በአገውኛ እየቀለደ ይቀበላቸዋል። አንዱ ሰውዬ ቋጠሮውን አኑሮ ሳይመለስ ክረምቱ ገባ፤ ታሞ ኖሯል። ወንድሜ ሱቁ ባዶ በሆነበት በዚያ ክረምት ዕቃ የሚያመጣበት ገንዘብ አጥቶ ከዘመድ ሲበደር፣ ቋጠሮውን ግን አልነካውም። «አማና ነው» ይላል በእኛ ቤት ቋንቋ፤ ክርስቲያኑ አደራ የሚለውን ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ኮርቼበት ነበር። አሁን ሳስበው ትንሽ ልፈራ ይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ደወለልኝ። ዳንግላ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ እየተሻማ ስለሚደውል ቸኩሎ ነበር የሚያወራው።

«እታለም፣ ቤት አገኘሁ!»

ቤት መፈለጉን አውቃለሁ። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ አይመጣም፤ ሱቁ ግማሹ ባዶ መደርደሪያ ሆኗል። ግን እሱ አልነበረም ያስቆረጠው። ባለፈው ዓመት ሚስቱ ምጥ ሲይዛት መንገድ ተዘግቶ ነበር። ባሕር ዳር ሊያደርሷት ወጥተው ኬላ ላይ ውለው ልጁን መንገድ ላይ አጡት። አሁን እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። «ይህኛው ሆስፒታል አጠገብ ነው የሚወለደው» ብሎ ምሏል። የአባታችንን ሱቅ ሸጦ አዲስ አበባ ጣራ ሊገዛ ነው። ከዚያ ሱቅ ሌላ በዚህ ምድር ላይ ምንም የለንም።

«የት ነው ቤቱ?» አልሁት።

ሰፈሩን ነገረኝ። ከዚያም ደስታው አላስችል ብሎት ቀጠለ፦ «ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ አረንጓዴ በር ያለው። ግቢው ውስጥ ትልቅ ጽድ አለ። ሰውዬው የእንጅባራ ሰው ነው፤ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል፣ ጥሩ ሰው ነው።»

ጽዱን አውቀዋለሁ። ሰፈሩን ስንለካ ፀሐይ በርትቶብን ከጥላው ሥር ቆመን ውኃ ጠጥተናል። የ«ለ» መሐል ለመሐል ነው።

«አያ፣ እስክመጣ ቆይ» አልሁት።

«ምን እቆያለሁ፤ ቃል ሰጥቻለሁ እኮ። ሱቁንም የሚገዛው ሰው ቀብድ ይዞ ተቀምጧል። ነይና አብረን እንሂድ፤ እንጅባራ ነው የምንዋዋለው።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ፈቃድ ጠይቄ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ ዳንግላ በሚኒባስ ሄድሁ። በየኬላው እየወረድን ስንፈተሽ ሰው መታወቂያውን ይዞ ይቆማል፤ እኔ ደግሞ አፌን ይዤ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ውስጥ ግን ነቅዞ ዱቄቱ ጉሮሮዬን ዘግቶት ነበር። ብናገር መሐላዬን አፍርሻለሁ። ሥራዬም ይሄዳል፣ እስርም አለበት። ወሬው ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው እያለ ደላላ ጆሮ ከደረሰ «ለ» ውስጥ ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ ይታመሳሉ። ባልናገር ወንድሜ ሊፈርስ የሚችል ቤት በአባታችን ሱቅ ይለውጣል። «ሊፈርስ የሚችል» የምለው ገና ስላልተወሰነ ነው። እኔ ራሴ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምከራከረው ለ«ሐ» ነበር። «ሐ» የድሮ ድንጋይ መፍለጫ ነው፤ ሰው አልሰፈረበትም፤ መንገድ ማውጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ምናልባት እረታ ይሆናል እያልሁ ራሴን ሳጽናና ዳንግላ ደረስሁ።

ወንድሜ መስጊድ ሄዶ ነበር። ሚስቱ ጓሮ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጣጥፋለች፤ ለዚያኛው ልጅ ተገዝተው ሳይለበሱ የቀሩ ናቸው። ሆዷ ገፍቷል። ስታየኝ ለመነሣት ስትል ያዝኋት፤ ተሳሳምን፤ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«በይ እስቲ፣ አንቺ ከተማውን የምትለኪ» አለችኝ እየሳቀች። «ያ ቤት እንዴት ያለ ነው? እሱ በፎቶ አይቶ አበደ፤ እኔን የሚጠይቀኝ የለም። ሆስፒታሉ ይቀርባል?»

«ይቀርባል» አልሁ። እውነት ነው፣ ይቀርባል።

«ጎረቤቱስ?»

«ጎረቤቱ ጥሩ ነው።» ይህም እውነት ነው።

ዓይኗ ፊቴ ላይ ቆየ። «ሌላስ?»

«ሌላውን ለአያ እነግረዋለሁ።»

«ለእኔ ብትነግሪኝስ? የምገባበት እኔ» አለችና ሳቀች፤ ግን እጇ ልብሱን ማጣጠፉን አቆመ። እኔም ሳቅሁ። በእኛ ቤት ትልቅ ነገር የሚነገረው ለእሱ ነው። ነገሬን ለእሱ ቋጥሬ አኖርሁት።

በማግሥቱ ጠዋት እኔና ወንድሜ ወደ እንጅባራ ተሳፈርን። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሱ ኮቱን ለብሶ፣ ጥርሱ ሳይከደን፣ ከጎኑ ካለው ሽማግሌ ጋር በአገውኛ ይጫወታል። እኔ በመስኮት አያለሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው ለከሰል የተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ጥቅጥቅ ብሏል፤ የከሰል ማዳበሪያ በየዳሩ ተደርድሯል። እንጅባራ በቀረበ ቁጥር ቅዝቃዜው ይጨምራል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እንዴት ይነገራል? ስንደርስ ደግሞ ሰውዬው ሊቀበለን መንገድ ላይ ይጠብቃል። ጊዜው እያለቀ ነበር።

ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ተፈተሽንና ሾፌሩ እስኪለቀቅ መንገድ ዳር ቆምን። ክንዱን ይዤ ከሰዉ ራቅ አደረግሁት።

«አያ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

ፊቴን አየ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቴን ያነበዋል፤ ስኳር ሰርቄ ስቅም እንኳ አፌን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የሚያየው። ፈገግታው ጠፋ።

«የሥራሽ ነገር ነው?»

«ነው።»

«የሚነገር ነው?»

«አይደለም።»

«ምለሽበታል?»

«ምያለሁ። ቢሆንም ስማኝ...»

«ዝም በይ!» ሰው ዞር ብሎ አየን። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም በይ እታለም። አማና ነው። አማና በልተሽ ለእኔ ቤት አትሠሪልኝም።»

«እንግዲያው አትግዛው!»

ይህ አመለጠኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ወንድሜ ሁለት ጆሮውን በመዳፎቹ ደፈነ። ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው፣ የከሰል ማዳበሪያ መሐል፣ እንደ ሕፃን ጆሮውን ደፍኖ ቆመ። ሰው ባይኖር ኖሮ እጆቹን ፈልቅቄ እጮህበት ነበር።

እጆቹን ሲያወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። «አልሰማሁም» አለ።

«ሰምተሃል! ታውቀዋለህ አሁን!»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ። ካንቺ ፊት አንብቤ ከመግዛት ከቀረሁ፣ ካንቺ አደራ ቆርሼ በላሁ ማለት ነው። ለሰውዬው ቃል የሰጠሁት ካንቺ በፊት ነው። ትናንት የማውቀውን ይዤ ነው የምገዛው። ትናንት ብገዛው ኖሮ የምትይኝ ነገር አልነበረም።»

«ጽድቅህ ላንተ ይሁንልህ! ሚስትህስ? የሚወለደውስ?»

«ለእነሱም የምፈልገው ሐላል ጣራ ነው» አለ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ወንድሜ ቀድሞኝ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ከሽማግሌው ጋርም አልተጫወተም።

እኔ ይህን ታሪክ ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ስነግር አያምኑኝም። አንድ ሰው ሊያድነው የመጣን ወሬ ጆሮውን ደፍኖ ይመልሳል? ወሬ በገንዘብ በሚገዛበት ከተማ ይህ ዕብደት ነው። እኔ ግን ያ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት። ወንድሜ ምን ሆኖ እንደቆመ ስለማውቅ ነው ይበልጥ የተናደድሁት። የሰው ቋጠሮ ፈትቶ ማየትም እሱ ዘንድ ከመብላት አይለይም።

ሻጩ ሽማግሌ መንገድ ላይ ጋቢ ለብሰው ጠበቁን። ቤታቸው ከባጃጅ መውረጃው ብዙ አይርቅም። ሥጋቸውን እንደማንበላ ስለሚያውቁ ድንች አስቀቅለው፣ ማር በሳሕን አስቀርበው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውንና አንድ ከእንጅባራ ገበያ የመጣ ነጋዴ ለእማኝነት አስቀምጠው ነበር። ነጋዴውን የጠሩት ከእኛም ወገን ሰው ይኑር ብለው ነው። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ወንድሜን አጠገባቸው አስቀመጡና ድንቹን በእጃቸው ላጡለት።

ከተበላ በኋላ ጉሮሯቸውን አጥርተው የቤቱን ነውር መዘርዘር ጀመሩ። በእኛ አገር ቤትም ይሁን በሬ፣ ደህና ሰው ሲሸጥ ነውሩን ይናገራል፤ የደበቀ ከቤቱ አይባረክለትም። በወጥ ቤቱ በኩል ጣራው ያፈስሳል አሉ። የጓሮውን አጥር ጎረቤታቸው ትንሽ ገፍቶባቸው ሳይነጋገሩ ዝም ብለው ኖረዋል። የጽዱ ሥር የመጸዳጃውን ቱቦ አንድ ጊዜ ሰብሮታል። «ከዚህ ሌላ የማውቀው ነውር ካለ እግዜር ይፍረድብኝ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ የከተማ ፕላን አዋቂ ነሽ ይሉኛል። እኔ የማላውቀው፣ አንቺ የምታውቂው ነውር አለበት?»

ነጋዴውም፣ ጎረቤቶቹም አዩኝ። በአፌ ያለው ማር መራራ ሆነብኝ። አለ ብል ምንድን ነው ይሉኛል። የለም ብል ውሸቴን በማዕዳቸው ላይ አኖርሁ። ወንድሜን አየሁት፤ እሱ ድንቹን ነበር የሚያየው።

«አባባ፣ እሷን አይጠይቋት» አለ ቀስ ብሎ። «ገዢው እኔ ነኝ። እኔን ይጠይቁኝ። እኔ የማውቀው እርስዎ የነገሩኝን ነው።»

ሽማግሌው ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ተመለከቱ። የሆነ ነገር ሸተታቸው መሰለኝ። «አሞሻል ልጄ?» አሉኝ።

«ብርዱ ነው አባባ። ዳንግላ እንዲህ አይበርድም።»

ወረቀቱ መጣ። ከገዢ ወገን እማኝ እንድሆን እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፉት። እጄን ጭኔ ሥር ከተትሁ። «እኔ አልፈርምም» አልሁ። ፊታቸው ተለወጠ። በዚያ አገር ሰው ቤት በልቶ እማኝነት እምቢ ማለት፣ አላምናችሁም ብሎ መሳደብ ነው። አንደኛው ጎረቤት ጋቢውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

አሁንም ያዳነኝ ወንድሜ ነው። «እህቴ ናት፤ የእህት ምስክርነት ምን ያጸናል? ባዳ ይፈርምልኝ» ብሎ እስክሪብቶውን ለነጋዴው አቀበለው። ነጋዴው ፈረመ። ሽማግሌው ተነሥተው መረቁ፤ «ውለዱበት፣ ክበዱበት» ሲሉ ወንድሜ «አሚን» አለ። እኔ አሚን ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ። ከቤቱ ወጥቼ ከቀርከሃው አጥር ጥግ ቆሜ አለቀስሁ፤ በንዴት ነው ያለቀስሁት።

አዲስ አበባ ተመለስሁ። ቦታውን የሚመርጠው ኮሚቴ እስኪሰበሰብ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አሁን አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ «ሐ»ን ማስረታት። ማስረጃዬ ሁሉ ተዘጋጅቷል። «ለ» ውስጥ ብዙ ቤተሰብ አለ፣ «ሐ» ውስጥ ማንም የለም። ይህን የምለው ወንድሜ ቤት ሳይገዛም ነበር። የስብሰባው ዕለት ጠዋት የቦታዎቹን ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ስሰቅል ግን እጄ ቆመ። እዚያ ስብሰባ መሐል ቆሜ «ለ አይሁን» የምለው እኔ ነኝ፣ ወይስ የወንድሜ እህት ናት? ለማንም ሳይታወቅ መቀጠል እችል ነበር። ግን አንድ ቀን ቢታወቅ ያ ሁሉ ክርክሬ እንደ ዘመድ ሥራ ይቆጠራል፤ ጥናቱም እንደ ቀድሞው ይፈርሳል። ከዚያም በላይ ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ ያ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት።

ሰብሳቢውን ወደ ጥግ ጠርቼ ነገርሁት። «ለ ውስጥ ወንድሜ ቤት ገዝቷል።»

ዓይኑ ጠበበ። «መቼ?»

«በቅርቡ።»

«ነግረሽዋል?»

«ብነግረው ይገዛ ነበር?»

«ውጪ» አለኝ። ሥዕሎቼን ለባልደረባዬ ትቼ ወጣሁ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «ሐ» የእሱ ሐሳብ አልነበረም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ድምፅ ይሰማኛል። ስለ መንገድ ያወራሉ፤ የ«ለ» መንገድ ዝግጁ ነው ይላሉ። ቤተሰቦቹን የሚያነሣ ድምፅ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ባልደረባዬ አንድ ጊዜ ጠቀሰው፤ «ካሳና ምትክ ቦታ ይሰጣል» ተባለና ታለፈ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። ሲወጡ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ባልደረባዬ ዓይኔን ሸሸ።

ውሳኔው ይፋ የሆነ ቀን ዳንግላ ስልክ አይሠራም ነበር። ወንድሜ ዕቃውን የሚጭነው በዚያው ሳምንት እንደሆነ አውቃለሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ያገኘሁት መኪና ላይ ሁሉ እየተሳፈርሁ ሄድሁ። ስደርስ አይሱዙው ሱቁ ደጃፍ ቆሟል፤ ግማሹ ተጭኗል። ሱቁን የገዛው ሰው ውስጥ ሆኖ መደርደሪያውን በራሱ ዕቃ ይሞላል። የወንድሜ ሚስት ደጃፉ ላይ ቆማ ፍራሽ ደግፋ ይዛለች፤ ሰው መጥቶ እስኪቀበላት ትጠብቃለች።

ወንድሜ ሲያየኝ ገመዱን ለቀቀ። ሰላምታም አላለኝ።

«ይፋ ሆነ?» አለ።

«ሆነ።»

«እንግዲያው አሁን ንገሪኝ። አሁን እሰማለሁ።»

ነገርሁት። ሰፈሩ የኤምባሲ ሰፈር ሊሆን እንደሆነ፣ ቤቱ ከዓመት በኋላ እንደሚነሣ፣ ካሳው ሌላ እንዲህ ያለ ቤት እንደማይገዛ፣ ምትክ ቦታው ከከተማው ዳር፣ ከሆስፒታሉ ርቆ እንደሆነ። ቆሞ ሰማኝ። «አልሐምዱሊላህ» አለ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ «አንቺ ነሽ የመረጥሽው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይደለሁም። ስብሰባው ውስጥ አልነበርሁም፤ ወጣሁ።»

«ለምን ወጣሽ?»

«አንተ ስላለህበት።»

የስኳር ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠ። «እንኳን ወጣሽ» አለኝ። የአባታችን ልጅ መሆኔ ያኮራው መሰለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ልጁን ካጣን ወዲህ እንዳላቀፍሁት አቀፍሁት። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ጥሩ ሰዎች የሆንን መሰለን።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች ሚስቱ ከኋላችን።

ዞር አልሁ። ፍራሹን አልለቀቀችውም።

«ሳይገዛ በፊት» አልሁ። መዋሸት አልቻልሁም።

«እሱስ?»

ወንድሜ መሬት መሬት አየ።

«ልነግረው ነበር» አልሁ፤ «አልሰማም አለ። አማና ነው ብሎ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እንደሚገባው ሰው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንቺም አማናሽን ጠበቅሽ፣ እሱም ጠበቀልሽ። እኔን ማን ጠበቀኝ?»

ከሾፌሩ ጋር ያሉት ሠራተኞች መጫናቸውን አቆሙ። እኔ ተነሥቼ በዚያ ሆዷ እንዳትሸከም የፍራሹን ጫፍ ያዝሁላት። እሷ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፍራሹ ላይ አላቀቀችና ብቻዋን ወደ መኪናው ወሰደችው።